የቅዳሜ ሸክላ

ባሕር ማዶ፣ ፊንስበሪ ፓርክ ሰፈር፣ አልታየሽ ቤት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሸክላ ይደመጣል። አንድ ቅዳሜ ጃዝ፣ ሌላ ቅዳሜ ሬጌ፣ ሌላ ቅዳሜ የሱዳን ዑድ፤ ዘመኑ አለፈበት የተባለ አልበም ሁሉ እዚያ ቤት እንደገና ወግ ይደርሰዋል። ሕጉ አንድ ነው፦ የሸክላው ገጽ እስኪያልቅ ማንም ትንፍሽ አይልም። ሲያልቅ መጀመሪያ የሚናገረው ደግሞ ዓለምሰገድ ነው። ማን እንደሾመው የሚያስታውስ የለም። ብቻ ቤዙ የት ላይ እንደዘገየ፣ ትሮምፔቱ የት ላይ እንደሳተ ከሱ በላይ የሚያውቅ አልተገኘም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሰው ሰው የሚሸተው በዚችው ቀን ብቻ ነበር።

አሁን ጆሮው ከድቶታል። የጆሮ ሐኪም የሰጠችውን የመስሚያ መሣሪያ መሳቢያ ውስጥ ወርውሮታል። ለማንም አልተናገረም። ቢያውቁ ያዝኑለታል፤ የታዘነለት ሰው ደግሞ ስለ ሙዚቃ አይጠየቅም። ስለዚህ ስፒከሩ አጠገብ ይቀመጥና እጁን እንጨቱ ላይ ጣል አድርጎ በመዳፉ ያዳምጣል። የጎደለውን ድሮ ከሰማው ይሞላል። የሰውንም አፍ እያየ መልስ ይሰጣል። እስካሁን የነቃበት የለም።

በዚህ ቅዳሜ ግን ታክሲ ነጂው አኑዋር ቀድሞ ደርሶ ያችን ቦታ ይዟታል።

«ጋሼ፣ ወገቤ አልቆልኛል። ዛሬ እርስዎ ሶፋው ላይ ይሁኑልኝ» አለው።

እምቢ ቢል ለምን መባሉ አይቀርም። እያጉረመረመ ሄዶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። የዕለቱን ሸክላ ያመጣው ራሱ ነበር፤ በወጣትነቱ ፒያሳ የገዛው፣ የአንድ አዲስ አበባ ኦርኬስትራ ሥራ። አልታየሽ መርፌውን አሳረፈች። ዓለምሰገድ ዓይኑን ጨፈነ።

መጀመሪያ ጭጭ አለበት። ፈራ። ቆይቶ ትሮምፔቱ ከሩቅ መጣ፤ ቤዙ ተከተለው። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ እንኳ ሳይቀር ሰማው። ጆሮዬ ተመለሰ! በእግሩ ምቱን ይመታ ጀመር። እንባው መጣ። ዓይኑን ቢገልጥ የሚጠፋበት መስሎት ይበልጥ ጨፈነ፤ አንድም ዘፈን አላመለጠውም።

የመጨረሻው ዘፈን ሲያበቃ ዓይኑን ገለጠ።

«እንዲህ ጠርቶ ሰምቼው አላውቅም!» አለ ፊቱ በርቶ።

አልታየሽ ክፍሉ ውስጥ የለችም። ሸክላው ቆሟል፤ መርፌው ገና ከዳር ብዙም አልራቀም። አኑዋር አፍጥጦ ያየዋል።

«ጋሼ» አለ አኑዋር ቀስ ብሎ፣ «መብራት እኮ ከሄደ ቆየ። የቆጣሪው ሒሳብ አልቆ ነው፤ አልቴ ኪውን፣ የመሙያ ቁልፉን፣ ቶፕ አፕ ልታደርግ ሱቅ ወርዳለች። እርስዎ... እግርዎ ምት ሲመታ አየሁና ምን እንደምል ጠፋኝ።»

የዓለምሰገድ እግር ቀጥ አለ። አፈረ፤ በጣም አፈረ። ከሐፍረቱ ይልቅ ግን አንጀቱን የቆረጠው ያ ሁሉ ደስታ ውሸት መሆኑ ነው።

አልታየሽ ከነካፖርቷ ገባችና ኪውን በሩ አጠገብ ያለው ቆጣሪ ላይ ሰካች። ሸክላው መዞር ጀመረ። አልታየሽም አኑዋርም ደንገጥ ብለው ወደ ስፒከሩ ዞሩ። ዓለምሰገድ ምንም አልሰማም።

ሸክላው ሲዞር ጥቂት አየው። ከዚያ ወደ አኑዋር ጠጋ ብሎ፣

«የቱ ጋ ደረሰ?» ሲል ጠየቀው።