የእናት ያባት ልጅ

ሮዳስ ቤቷ ለመግባት በሰልዋ ሱቅ ፊት ከማለፍ ሌላ መንገድ የላትም። በአንድ በኩል የማረሚያ ቤቱ አጥር፣ በሌላው የጭነት መኪና የሚተራመስበት አስፋልት፤ መሃል ላይ ሰልዋ፣ ለእስረኛ ጠያቂ ሳሙናና ነጠላ ጫማ የምትሸጥ፣ ዓይኗ ከሩቅ ሰው የሚለይ ሴት።

«እህቴ መጣች!» ትላለች። ከዚያ ወዲያ ማምለጥ የለም። ጉንጯን ስማ፣ መርቃ፣ ሙዝ ታስጨብጣታለች። ሮዳስም ሙዟን ይዛ እንደ ሌባ ትፈተለካለች።

ነገሩ የጀመረው ቂሊንጦ አጠገብ አንድ መጋዘን የተቃጠለ ጊዜ ነው። ከፍርስራሹ ማንነቱ የማይለይ የወንድ ሬሳ ወጣ። እዚያ ጫኝና አውራጅ የነበረው ሙህሲን የሚባል ወጣትም ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኩ ዝግ ነው። ሰልዋ እያለቀሰች ሮዳስ የምትሠራበት የዲኤንኤ ምርመራ ክፍል መጣች።

«የጠፋው ምንሽ ነው?» አለች ሮዳስ፣ ጓንቷን እያጠለቀች።

«ወንድሜ።»

ሮዳስ ጉንጯን ከውስጥ በጥጥ ጠርጋ ናሙና ወሰደች። ይህን ሙያ የመረጠችው ማሽን አያዳላም ብላ ነው፤ በማዕረግ ተመርቃለች፣ ጥናትም አሳትማለች። የሰፈሯ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ግን ረሳች። «የእናት ያባት ልጅ ነው?» አላለችም።

ውጤቱ እንደወጣ ራሷ ደወለች። «ሬሳው ወንድምሽ አይደለም።» የሰልዋ እልልታ ከስልኩ አልፎ የባልደረቦቿን ጆሮ ሞላ።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ሰልዋ ሙዙን እያቀበለቻት፣ «ሙህሲን ሲመጣ አጎቴ በሬ ያርዳል፤ አንቺም ትጠሪያለሽ» አለቻት።

«አጎትሽ ደግሞ ምን አገባው?»

«የሙህሲን አባት ነዋ! የአባቴ ታናሽ።»

«ወንድሜ ነው አላልሽኝም?»

ሰልዋ ሳቀች። «የአጎት ልጅ ወንድም ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?»

ሮዳስ ስህተቷ ያን ጊዜ ገባት። የመረመረችው የእህትና የወንድምን ዝምድና ነው፤ የአጎት ልጅ ከሆነ ያ ውጤት ምንም አይናገርም። ሬሳው ሙህሲን ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። የሚያንገበግባት ደግሞ የተናገረችው ውሸት አለመሆኑ ነው። ሬሳው ሙህሲን ሆነም አልሆነ፣ እውነትም የሰልዋ ወንድም አይደለም።

ለአለቃዋ ተናገረች። «እናቱን ወይ አባቱን አምጪ» አላት፤ ለእሱ ምን አለበት! ለሰልዋ መንገር ግን አቃታት። ማታ ማታ ልትናገር አፏን ትከፍታለች፤ ማታ ማታ ሙዝ ይዛ ትገባለች። ቤቷ ሙዝ በሙዝ ሆኖ መበስበስ ጀምሯል። እልልታው እንዳይቋረጥ ብላ ዝም ባለች ቁጥር ራሷን ትጠላለች።

ዛሬ ከሰልዋ አጠገብ አንዲት እናት ተቀምጠዋል።

«የሙህሲን እናት ናቸው» አለች ሰልዋ ፊቷ እየበራ። «ሲመጣ እንዲያገኛቸው ብለው ከስልጤ መጡ።»

እናት የሮዳስን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልጄን ከሞት የመለስሽልኝ አንቺ ነሽ?»

ሮዳስ እጇን ልታስለቅቅ ሞከረች፤ አልለቀቋትም። ዛሬ ካልተናገረች መቼም እንደማትናገር አወቀች።

«እናቴ፣ ገና አላወቅነውም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ነገ መሥሪያ ቤት ይምጡልኝ፤ ጉንጭዎን ከውስጥ በጥጥ ልጠርገው። የእርስዎ ናሙና ከሆነ ቁርጡን ይነግረናል።»

ሰልዋ ሙዙን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። «ወንድምሽ አይደለም ብለሽኝ የለ?»

«ብያለሁ» አለች ሮዳስ፤ እንባዋ ቀደማት። «ወንድምሽ አይደለም። የእሳቸው ልጅ ግን ሊሆን ይችላል።»

እናት አላለቀሱም፣ የሮዳስንም እጅ አልለቀቁም። ነገን ሳይጠብቁ፣ እዚያው ከተደረደረው ሳሙና አጠገብ፣ ቀና ብለው አፋቸውን ከፈቱላት።