ቀይ መብራት በብርጭቆ

የኩላሊት እጥበት ክፍሉን ውሃ የሚቆጣጠረውን ሰው ሁሉም «አቶ ውሃ» ይሉታል። ስሙን ያወጣችለት ታላቅ እህቱ ናት፤ ሃያ ዓመት አውቶቡስ የነዳች፣ ምላሷ ግን ፍሬን የሌለው። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ደሟ የሚታጠበው በወንድሟ ውሃ ነው።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት። ለጠጪ ደግ ነው፣ ጀርም ይገድላል፤ ደም ጋ ከደረሰ ግን ደሙን ራሱን ያፈርሰዋል። ስለዚህ ውሃው በአልትራቫዮሌት መብራት አጠገብ ያልፋል፣ ብርሃኑም ክሎሪኑን ይሰባብረዋል። አቶ ውሃ ጠዋት ጠዋት በትንሽ ብርጭቆ ቀድቶ ዱቄት ይጨምርበታል። ሮዝ ከሆነ ክሎሪን ቀርቷል፤ ካልሆነ «ንጹህ» ብሎ ይፈርማል።

ችግሩ ዓይኑ ነው። ሞራ ጀምሮታል። ከሥራ የሚያነሱት ስለመሰለው ለማንም አልተነፈሰም።

የዚያን ቀን ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አነሳ። ነጭ ነው። እስክሪብቶ አወጣ። እህቱ ከእጥበቱ በፊት ልትመዘን በሩ ጋ ሚዛን ላይ ቆማለች።

«አንተ! ቀይ መብራት ልትጥስ ነው?»

«የምን ቀይ መብራት፣ እትዬ?»

«የያዝከው ነዋ! የሙሽራ ከንፈር መስሏል እኮ።»

«የመስኮቱ ነጸብራቅ ነው።»

«ይሄ ወሬህ ውሃ አያነሳም።»

እሷ ሳቀች፣ እሱ አልሳቀም። ብርጭቆውን ቢያዞረው ቢያገላብጠው ያው ነጭ ነው። ነርሷ ከውስጥ «ማሽኑን ላስነሳ?» ብላ ተጣራች። እህቱ ሳቋን ዋጠች።

«አይታይህም እንዴ?» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አይታየኝም።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም? ያውም ሆስፒታል ውስጥ እየሠራህ!»

«ሲስተር፣ እንዳታስነሺ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈው።

ነርሷ ፊቷ ተለዋወጠ። «የትናንቶቹን ታካሚዎች ደም አሁኑኑ አስመረምራለሁ» አለች።

አቶ ውሃ አልትራቫዮሌት መብራቱን አጥፍቶ ሲፈታው፣ አምፖሉን የሸፈነው የመስታወት ቱቦ ላይ ኖራ የመሰለ ነገር ተጋግሯል። አምፖሉ ይበራል፤ ብርሃኑ ግን ውሃው ጋ አይደርስም።

«እሱም እንዳንተ ሞራ አውጥቷል» አለች እህቱ።

ኖራውን በኮምጣጤ አሽቶ አስለቀቀው። መብራቱን መልሶ ገጥሞ ውሃውን ለቀቀና እንደገና ቀድቶ ዱቄቱን ጨመረበት። ሁለቱም ሴቶች ብርጭቆው ላይ ተደፉ።

«አረንጓዴ ነው» አለች እህቱ።

እሱ ክው አለ።

«እለፍ ማለቴ ነው፣ ሞኝ!»

ነርሷ እየሳቀች ፈረመች። «ከእንግዲህ ቧንቧውን እርስዎ ይያዙ፤ ቀለሙን እኔ አያለሁ። አሁን ግን ቀጥታ ወደ ዓይን ክፍል!»

አቶ ውሃ የእህቱ ማሽን እስኪነሳ ጠበቀና ተራ ሊይዝ ወጣ።