የሜሮን ፈተና እስኪያልቅ

«ያላ፣ ዝም በሉ፤ ልጅቷ ናት» አለች ሉጥፊያ፣ የሚጮኸውን ስልክ ለብርቅነሽ እያቀበለች።

በስደት በሚኖሩባት ሳጃና ሰፈር፣ በጠባቧ ቤት ፍራሽ ላይ የተደረደሩት ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ብርቅነሽ ጥቁር ልብሷን አውልቃ የጎረቤቷን የሉጥፊያን ብርቱካናማ መከናነቢያ፣ ቶቧን፣ ተከናነበችና ጨለምለም ወዳለው ማድቤት ገባች። ባሏ ገብረየስ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሕንድ አገር የምትማረው ልጃቸው ሜሮን ግን መርዶው አልተነገራትም።

እንዳይነገራት የከለከሉት የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ዘማርያም ናቸው። «ኢምቲሐኗ ነገ ያልቃል፤ ተፈትና ትጨርስ። ደግሞስ መርዶ ሽማግሌ ማልዶ በር አንኳኩቶ ነው እንጂ በስልክ ይነገራል?» አሉ። የሳቸውን ቃል ማን ይሽራል? ዕድሩን ሲመሩ ጦር የሚያዘምቱ ነው የሚመስሉት።

ገብረየስም ቢሆን ከዚህ የተለየ አይልም ነበር። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ የታክሲ ሾፌር ነው። ከሳጃና ወደ አርካዊት ሰፈር የሚያደርሰው ተሳፋሪ ሁሉ፣ ፈለገም አልፈለገም፣ ልጁ ፋርማሲ እንደምታጠና ሳይሰማ አይወርድም። ሲደውልላት «እስቲ ያጠናሽውን አንብቢልኝ» ይላታል። በእንግሊዝኛ ታነብለታለች። አንድ ቃል ሳይገባው «በርቺ፣ ይቺ ጋ ጎበዝ ነሽ» ይላት ነበር።

ብርቅነሽ የዛሬውን ውሸት አዘጋጅታለች፤ «አባትሽ ተሳፋሪ ይዞ መደኒ ከተማ ሄዷል» ልትል።

«እማ፣ በላሽ?» አለች ሜሮን፣ ፊቷ ስክሪኑ ላይ ብቅ እንዳለ።

«በልቻለሁ። ጥናቱስ?»

«ደህና ነው። እንቅልፍ ግን ተኝተሻል? ሉጥፊያ አብራሽ እያደረች ነው?»

ብርቅነሽ ደነገጠች። ሉጥፊያ የራሷ ቤት እያላት እዚህ ምን ታድራለች? ደግሞ ከሰላምታ በፊት «ባባስ?» የምትል ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ አባቷን አንዴም አልጠየቀችም።

«ሜሪዬ፣ ማን ነገረሽ?»

ሜሮን አቀረቀረች። «ታክሲ ነጂዎቹ ነፍስ ይማር ብለው ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ለጥፈውት አየሁ። ያየሁት የቀብሩ ዕለት ነው። ለፈተናው ብላችሁ እንደሆነ ገባኝ። ማወቄን ካወቅሽ በኔ ትጨነቂያለሽ ብዬ ዝም አልኩ።» ቀና አለችና «ነገ እፈተናለሁ፤ ለሱ ስል እፈተናለሁ። ግን እማ፣ ሻወር ቤት ገብቼ፣ ውሃ ከፍቼ ነው የማለቅሰው። አብሮኝ የሚያለቅስ ሰው የለም» አለች።

ብርቅነሽ ልጇን ከኀዘን የጠበቀቻት መስሏት ከለቅሶው ነበር ያስቀረቻት። ስልኩን እንደያዘች ከማድቤቱ ወደ ለቀስተኞቹ ወጣች።

«ኧረ ተይ፣ ነገ እኮ ነው የሚያልቀው» አሉ ጋሽ ዘማርያም በሩ ሥር ከተቀመጡበት ብድግ ብለው።

«ጋሼ፣ ልጄ ከተረዳች ሦስት ቀኗ ነው። ብቻዋን።»

ጋሽ ዘማርያም መንገድ ለቀቁላት። ሴቶቹ አዲስ ለቅሶ ደራሽ እንደገባ ሁሉ ከተቀመጡበት ተነሡ፤ ሦስት ቀን ስልክ በተደወለ ቁጥር በነጠላ ሲታፈን የከረመው ለቅሶ ቤቱን ሞላው። ከስልኩም ውስጥ የሜሮን ድምፅ አብሮ ተሰማ።

«እስቲ ጠጋ በሉላት» አለች ብርቅነሽ።

ሉጥፊያ ፈቀቅ አለች። ብርቅነሽ ስልኩን በተለቀቀው ቦታ ትራስ አስደግፋ አስቀመጠችና አጠገቡ ተቀመጠች።