የረታ ጆሮ

ረታ የሞተ ዕለት አልቃሾቹ ያነሡለት ጆሮውን ነበር። ሞተር ሳይክል በመንገድ ሲያልፍ ዞር ብሎ ሳያይ ሕመሙን የሚናገር፣ ከቦሌ እስከ ኮተቤ አቻ ያልተገኘለት ጆሮ እያሉ ደረታቸውን መቱ። ሚስቱ ምንትዋብ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ ዝም ብላ ሰማቻቸው። ረታ የሞተው ገና ያን ዕለት ነው፤ መስማት ካቆመ ግን ስድስት ዓመት ሆኖታል።

ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ከጭስ ማውጫ አጠገብ የኖረ ጆሮ ቀስ በቀስ ተደፈነ፤ ደንበኛ እንዳይሸሽ ብለው ነገሩን በሆዳቸው ያዙት። ከዚያ ወዲህ ሞተር ሲመጣ እሷ በርጩማዋን ስባ ከጀርባው ትቀመጣለች። እሱ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ካንዴላው እሳት የሚጭርበትን ቅጽበት የምትወስነውን ትንሽ ሳህን በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገ ያዞራል፤ እሷ በጣቷ ጀርባውን ትነካዋለች። አንዴ ከነካችው እሳቱ ዘግይቷል፤ ሁለቴ ከነካችው ቀድሟል፤ መዳፏን ካሳረፈችበት ደግሞ በቃ፣ እሰረው ማለት ነው። ሰው የሚያየው ከባሏ ጎን የማትጠፋ ሚስት ነበር። እሱም ቢሆን ውሸት አልነበረም።

ጋራዡ ከመገናኛ ወደ ላምበረት በሚያወጣው መንገድ ሥር ያለ የቀበሌ ቤት ነው። እሷና ልጆቿ የሚያድሩትም እዚያው፣ ከኋላ ባለችው ክፍል ነበር። ተዝካሩ እንዳለፈ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሽፈራው መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቤቱ የተሰጠው ለሙያተኛ እንደሆነና ሙያተኛው ካለፈ ለሌላ ሙያተኛ መተላለፉ እንደማይቀር አንገቱን ደፍቶ ነገራት። ሌላው ሙያተኛም አብሮት ነበር፤ ዓለምሰገድ የሚባል፣ ውጭ አገር ተልኮ ኮርስ የወሰደ ወጣት መካኒክ።

«ሙያተኛዋ እኔ ነኝ» አለች ምንትዋብ።

ዓለምሰገድ ሊስቅ ቃጥቶት ጥቁር ሻሿን አይቶ ተወው። ሽፈራው ግን አልሳቀም፤ የራሱ አሮጌ ሞተር ትዝ አለው። ረታ ከታመመ ጀምሮ ዓለምሰገድ ሁለቴ ሠርቶለታል፤ ሁለቴም የላምበረት ዳገት እኩሌታ ላይ ጣሳ ውስጥ እንደ ገባ ጠጠር እየተንኳኳ ቆሞበታል። የሚያስተዳድረው ሕዝብ እያየው ሞተር መግፋት ሰልችቶታል።

«ነገ ሞተሬን ሠርተሽው ዳገቱን ሳይቆም ከወጣ ቤቱ ያንቺ ነው» አላት። «ካልወጣ ግን እንዳትቀየሚኝ።»

በማግሥቱ የሰፈሩ ሰው ጋራዡ ደጃፍ ተሰበሰበ። ዓለምሰገድ እሳቱን ያስተካከለው፣ ቮላኖ በሚሉት ከባድ የብረት መንኮራኩር ላይ በተቀረጸው ምልክት መሠረት እንደሆነ ለሰው ሁሉ አስረዳ፤ የፋብሪካ ምልክት አይዋሽም አለ። ምንትዋብ ምልክቱ የሚዋሽበትን ምክንያት ታውቃለች። መለዋወጫ ከገበያ በጠፋበት ዓመት ረታ የተሰነጠቀውን ቮላኖ ጥሎ ከሌላ ሞተር የወጣ ነበር የተካለት። ይህንኑ ስትነግረው ዓለምሰገድ ግራ ገባው፤ ያለ ምልክት ታዲያ በምን ሊስተካከል ነው ሲል ጠየቃት። እሷ ከሞተሩ ጎን ተንበረከከች።

ሞተሩ ተነሣ። ድምፁ ግን ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ታፈነባት። እጇን ወደ ራሷ ሰደደችና ሻሹን ፈታችው። በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት የተላጨ ራሷ ሲገለጥ ጎረቤቷ እማማ ወለተማርያም ደነገጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? ሰው ፊት?»

«በጨርቅ ውስጥ አይሰማኝም፣ እማማ።»

ጆሮዋ ሲመለስ እጇ ከዳት። ካቻቢቴ ይዛ አታውቅም፤ ሳህኗን አጥብቃ መታቻትና ሞተሩ እንደ ተናደደ በቅሎ ተራግጦ ጠፋ። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ዓለምሰገድ ሊያግዛት ጎንበስ ሲል በክርኗ መለሰችው። እንደገና አስነሥታ፣ እንቁላል እንደምትነካ ሆና ትንሽ ገፋች። የደነዘዘው ድምፅ ነቃ። ጥቂት ጨመረች፤ ፈጠነ፤ ሌላም ጥቂት ስትጨምር እየጠራ ሄዶ ያዜም ጀመር። ሰዉ አጨበጨበ፤ ሽፈራውም መሪውን ሊይዝ እጁን ዘረጋ።

ምንትዋብ ግን አልተነሣችም። ከልማድ የተነሣ ጣቷ የረታ ጀርባ ይሆንበት የነበረውን ባዶ አየር ሁለቴ ነካ። ቀድሟል። ሳህኗን የፀጉር ስንጣቂ ያህል መለሰቻት። ዜማው ትንሽ ወረደ።

«አበላሹት እኮ፣ እትዬ» አለ ዓለምሰገድ፣ ከልቡ አዝኖ።

«ቆሞ የሚዘፍን ሞተር ዳገት ላይ ይከዳል» አለችው ብሎኑን እያጠበቀች። «በኩፖን የሚታደለን ቤንዚን ደካማ መሆኑን አንተም ታውቃለህ። እሳቱ ከቸኮለ ዳገት ላይ ያንኳኳል።»

ሽፈራው ሄደ። ያን ጊዜ ቤንዚን በልክ ስለሆነ መንገዱ ጭር ያለ ነው፤ ድምፁ ርቆም ይሰማል። ምንትዋብ ዓይኗን ጨፍና በጆሮዋ አብራው ወጣች። ባሕር ዛፎቹን አለፈ። ማርሽ ቀነሰ። ሁልጊዜ የሚንኳኳበት ቦታ ሲደርስ ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ድምፁ ከበደ፣ ጎረነነ፣ ግን አልተሰበረም። ወጣ። እላይ ሜዳው ላይ ሲደርስ ማርሽ ጨምሮ ሲከንፍ ዓለምሰገድ ሳያስበው ከሰዉ ቀድሞ አጨበጨበ።

ሽፈራው ሲመለስ ጥርሱ አልከደን ብሎት ነበር፤ ሞተሩንም ለማጥፋት ሳሳ። የሟቹን ጆሮ ከየት አመጣሽው ብሎ ጠየቃት። አርባ ቀን ሙሉ ልቅሶ ላይ ዝም ያለችው ሴት አሁን ቀና አለች።

«ጆሮውስ ድሮም የእኔ ነበር፣ ጓድ ሊቀመንበር። የረታ እጁ ነበር። እንደ እሱ ያለ እጅ ከእንግዲህ አይገኝም፤ የእኔም ይለምዳል።»

እማማ ወለተማርያም የሐዘን ቤት መሆኑን ረስተው እልልታቸውን አቀለጡት። ከዚያ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፤ ወዲያው ደግሞ ትተው ደገሙት።

ሽፈራው ቅጹን ኮርቻው ላይ ዘርግቶ፣ ሙያተኛ በሚለው መስመር ላይ ምንትዋብ ገብረሰንበት ብሎ ጻፈና እንድትፈርም ሰጣት። ስትፈርም የጣቷ የዘይት አሻራ ማኅተሙ አጠገብ ታተመ። ደንግጣ ልትጠርገው ስትል ወረቀቱን ሳበው።

«ተዪው» አላት። «ማስረጃ ነው።»