አጋዘን ያልነካው እንስላል

ማሙሽ እንስላሉን ያገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአፓርትመንቱ ጀርባ ካለችው ወንዝ ዳር ነው። እዛ ሰፈር አጋዘን እንደ ፍየል ነው፤ አበባ ብትተክል አያድርልህም። ይቺን ግን አንዱም አልቀመሳት፤ ለምልማ ጉልበት ደርሳለች። «ለኛ አስቀምጠውልን ነው!» ብሎ እየሳቀ አንድ እቅፍ አጭዶ፣ ክፍል ላከራዩት ለእትዬ አየለች ወሰደላቸው። ሽንት እያቃጠላቸው «እንስላል የት ላግኝ?» ሲሉ ከርመዋል። መርቀውት ሲያበቁ አፍልተው በፔርሙዝ ያዙና አሌክሳንድሪያ ከተማ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

ከሰዓት ልጃቸው ዲና፣ ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የምትማረው፣ ሲንኩ ላይ የቀረውን ግንድ አነሳችና ፊቷ ተለወጠ።

«ይሄን ማነው ያመጣው?»

«እኔ ነኛ! ጀግናሽ!»

«እስቲ አሽትተው።»

እንስላል እንስላል አይልም። የአይጥ ሽንት የመሰለ ነገር አፍንጫውን መታው። ግንዱ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ አለ፣ ደም የተረጨበት ይመስል።

«መርዝ ነው ማሙሽ! ካሮትም፣ እንስላልም፣ ይሄም አንድ ቤተሰብ ናቸው። ቅጠላቸው ያሳስታል እንጂ ስፒሺሱ፣ ዝርያው ሌላ ነው።»

«ቤተሰብ ከሆኑማ አይጨካከኑም» አለ፣ ለመሳቅ እየሞከረ።

«አጋዘኖቹ ለምን የተዉት ይመስልሃል? ትንፋሽ ነው የሚያቆመው! እማዬ የት ናት?»

«ቤተ ክርስቲያን! አፍልተው ይዘውት ሄደዋል!»

ቢደውሉ ስልኩ ዝግ ነው፤ እትዬ አየለች ቅጽሩን ሲረግጡ ያጠፉታል። አንድ ተስፋ አለ፦ ዐቢይ ጾም ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምሱም። ማሙሽ ዲናን ይዞ መኪናውን ቀለበት መንገዱ፣ ቤልትዌዩ ላይ ለቀቀው። ወደ አሌክሳንድሪያ የሚያሻግረው ድልድይ ጋ ሲደርሱ ትራፊኩ ግጥም አለ። ዘጠኝ ሊሆን ነው።

«እመብርሃን፣ ዛሬን ብቻ ቅዳሴውን አርዝሚልኝ» አለ፣ ቅዳሴ ረዘመ እያለ ሲያላግጥ የኖረው ልጅ።

ሲደርሱ ሕዝቡ እየወጣ ነው። እትዬ አየለች በሩ ጋ ተቀምጠው፣ የፔርሙዙን ክዳን ሞልተው ወደ አፋቸው አስጠግተዋል።

«አይጠጡት!» እጃቸውን መታው። ሁሉም ነጠላቸው ላይ ተደፋ።

«አበድክ እንዴ አንተ!»

ዲና እየተንተባተበች ነገረቻቸው። የእትዬ አየለች ከንፈር አመድ መሰለ።

«ወይኔ! የቅጠሉን ግማሽ እኮ ለሸዋረገድ ሰጥቻታለሁ።»

ሸዋረገድ የታች ቤት ጎረቤታቸው ናት። ጴንጤ ናት፤ ዘጠኝ ሰዓት አትጠብቅም።

ማሙሽ ደወለ። ጠራ። ጠራ። አሁንም ጠራ።

«ሃሎ ማሙሽዬ! እንስላልህ ደረሰኝ፣ ተባረክ!»

«ጠጣሽ ወይ?»

«ምን ያስጮህሃል? ሽታው ደስ አላለኝም እንጂ አፍልቼዋለሁ። እስኪበርድልኝ አስቀምጬው፣ አሁን ላነሳው ስል...»

«ድፊው! ሸዊ፣ ድፊው!»

ውሃ ሲፈስ በስልኩ ተሰማው። ስልኩን እንደያዘ አስፋልቱ ላይ በግንባሩ ተደፋ። የሚያልፉት ምእመናን ስግደት መስሏቸው ዞር ብለው አለፉት።