የሙና ክትባት

ፈሪሃ ቤይሩት ከገባች አሥር ዓመት አልፏታል። አሥሩንም ዓመት የኖረችው ሺያህ በሚባለው ሰፈር፣ እዚያው አንድ ማዳም ቤት በሠራተኝነት ነው። ወደ ወሎ የምትልከው የድምፅ መልእክትም ያው አንድ ነው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ሌላ ምን ትበል? ወሎ፣ በቤተሰቧ ቤት ያለው ስልክ የታላቅ ወንድሟ የሱለይማን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ መልእክቷ ሲገባ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይከፍተዋል፤ ቤተሰቡ ቀርቶ ጎረቤቱም ከቦ ይሰማል። በአደባባይ ሆዱን የሚዘረግፍ ማን አለ?

ልጇን ሙናን ለሱለይማን ትታት ስትሄድ ሙና አራት ዓመቷ ነበር። አሁን አሥራ አራት ሞልቷታል። ፈሪሃ በፎቶ ታያታለች እንጂ፣ ጎን ለጎን ቢቆሙ ትከሻዋ ላይ ትድረስ ጆሮዋ ላይ አታውቅም። የማዳሟን ልጅ ፀጉር ባበጠረች ቁጥር ናፍቆቱ ያንገበግባታል።

ዓመት ሙሉ ደም እየፈሰሳት ደብቃ፣ በጥቅምት ወር ሥራ ላይ ወደቀች። ክሊኒክ ስትሄድ የማህፀን በር ካንሰር ነው፣ ዘግይተሻል አሏት። ሐኪሟ በሽታው ኤችፒቪ ከሚባል ቫይረስ እንደሚመጣ፣ ቫይረሱም ለዓመታት ተደብቆ ሊቆይ እንደሚችል፣ ለልጃገረዶች ግን ክትባት እንዳለው ቀስ ብላ አስረዳቻት። ይሄኔ ፈሪሃ ክው አለች።

ባለፈው ሳምንት ሱለይማን፣ ለአሥራ አራት ዓመት ልጃገረዶች መርፌ የሚወጉ ሰዎች ትምህርት ቤት መጡ፣ መሀን ያደርጋል ስለተባለ ሙናን ቤት አስቀረኋት ብሏት ነበር። እሷም በገዛ አፏ ደግ አደረግህ ብላዋለች።

መንገዱ መንግሥትን በሚቃወሙ ሰልፈኞች ተዘግቶ ስለነበር ከክሊኒኩ በእግሯ ወደ ሺያህ እየተመለሰች፣ ልጅቷን አስከትባት ብላ መልእክት ላከችለት። ሱለይማን ግን ንቅንቅ አላለም። ያልተከተቡትን ጤና ጣቢያው እስከ ሐሙስ ይቀበላል፣ እኔ ግን የእህቴን ዘር አላቋርጥም አለ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የእሷ መደበቅ ግን ለልጇም ሊተርፍ ነው። ለወንድም ስለ ማህፀን ማውራት ደግሞ በእነሱ ቤት ነውር ነው። ፈሪሃ ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ ልብስ ከምታሰጣበት በረንዳ ቆማ ስልኳን አፏ አጠገብ ያዘች።

"ወንድምዓለም፣ ማህፀኔን ታምሜያለሁ። ካንሰር ነው። ደህና ነኝ ስልህ ዋሽቼሃለሁ። ይሄ መርፌ በእኔ ጊዜ አልነበረም፤ የእኔ ኸላስ፣ አልፏል። መሀን የሚያደርገው እኔን የያዘኝ ነው እንጂ መርፌው አይደለም። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ልጄን ውሰድልኝ።"

ሁለት ቀን ሙሉ ማዳሟን በሰበብ አስባቡ እየሸሸች ስልኳን ስትከፍት ስትዘጋ ሰነበተች። ሐሙስ ከሰዓት በሱለይማን ስልክ መልእክት ገባ። ድምፁ ግን የሙና ነው፤ ጎርናና ሆኗል፣ የልጅነቱ ቅጥነት የለም።

"እማ፣ ተከተብኩ። አጎቴ ራሱ ነው የወሰደኝ፤ መንገዱን ሙሉ እያለቀሰ። ክንዴን ትንሽ አመመኝ እንጂ ሌላ ምንም የለም። አንቺንስ? የት ጋ ነው የሚያምሽ?"

በአሥር ዓመት እንዲህ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ፈሪሃ እዚያው በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያን የተወጋ ክንድ ይዛ እፍ፣ እፍ ልትልለት ፈለገች፤ የምታውቀው ግን የአራት ዓመት ልጅ ክንድ ነው።