የበኩሩ ትሪ

ጊፍቲ ሰሞኑን ክንዷ እስከ ክርኗ አረንጓዴ ነው። ታክሲ ውስጥ ሰው ያፈጥጥባታል፤ መልስ መስጠቱ ራሱ ሰልችቷታል። ጌጃ ሰፈር፣ ጋሽ ዱጉማ ግቢ፣ አሮጌ ወረቀት ዘፍዝፈው፣ ፈጭተው፣ ቀለም አብልተው የእንቁላል ትሪ ያወጣሉ። ሥራው ባልከፋ፤ አልታዘዝ ያለው ቀለሙ ነው።

ትልቋ ደንበኛቸው እድላዊት ሜክሲኮ እንቁላል ታከፋፍላለች። ትሪዋ የጎመን አረንጓዴ ካልሆነ አትፈልግም፤ ሰው ከሩቅ አይቶ «የእድላዊት ነው» እንዲልላት። ያለፈውን ዙር ነጣ ብላ መልሳዋለች። «ዛሬም ካልገጠመ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» ብላለች። እሷ ከሄደች ደግሞ ግቢው መዘጋቱ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ከናሙናው ጋር አስተያየሽው?» አሉ ጋሽ ዱጉማ።

«አድርቄ ነው ያስተያየሁት፣ ጋሼ። መንታ ናቸው።»

ናሙናው የመጀመሪያው ትሪ ነው። ጋሽ ዱጉማ «የሥራ በኩር አይሸጥም» ብለው፣ ለበረከት ከመስኮቱ ትይዩ ግድግዳው ላይ ሰቅለውታል። ጊፍቲም አዲስ በወጣ ቁጥር ይዛ እዚያው ሥር ትቆማለች፤ ከመሰለ ይላካል።

እድላዊት መጣች። ከአዲሶቹ ትሪዎች አንዱን አንስታ አገላበጠች።

«ይሄ ጎመን ነው? ወባ የያዘው ሰው ፊት እንጂ!»

«እትዬ፣ ከናሙናው ጋር እኮ አንድ ነው» አለች ጊፍቲ፣ ወደ ግድግዳው እየጠቆመች።

«የእኔስ ናሙና?» እድላዊት ከፌስታል ትሪ መዘዘች። መጀመሪያ ከላኩላት አንዱን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀርታ ኖሯል። ጥቁር አረንጓዴ፣ ጎመን ራሱ።

ጊፍቲ በርጩማ ላይ ወጥታ የተሰቀለውን አወረደችና ገለበጠችው። ከግድግዳው ተለጥፎ የከረመው ጀርባው እንደ እድላዊት ትሪ ጥቁር ነው። ፊቱን ፀሐይ ስትልሰው ከርማለች።

«ጋሼ፣ በረከቱ ሲነጣ እኛም አብረን ስንነጣ ከርመናል!»

ጋሽ ዱጉማ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ለቁጣም አቅም ያጡ ይመስላሉ። «እድላዊት፣ በሞቴ፣ እስከ አርብ ታገሺን።»

«እስከ አርብ ብቻ፣ ጋሽ ዱጉማ።» ትሪዋን ለጊፍቲ ሰጠቻት። «ያንቺ ናሙና ይሄ ነው። ፀሐይ እንዳታሳዪው።»

እድላዊት ስትወጣ ጊፍቲ የነጣውን በኩር አነሳች። «ይሄስ? ከሌላው ጋር ይዘፍዘፍ?»

«ምን ሆነሻል? በኩር እኮ ነው! ቦታው መልሺው።»

ሰቀለችው። የእድላዊትን በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ የነጡትን ትሪዎች እየቀደደች ወደ መዘፍዘፊያው በርሜል ትወረውር ጀመር። ክንዷን የትናንቱ ቀለም ገና አልለቀቀውም።